ሦስተኛዋ መኪና

ተረት ተረት ብዬ ብጀምር «የላም በረት» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የዛሬው በረት ግን የመኪና ነው። አንድ ካዲላክና አንድ ኦልድስሞቢል ቆመውበታል፤ ባለቤታቸውም ሌላ መኪና አያስፈልገኝም ብሎ ተቀምጧል። ሦስተኛዋ ሳትጠራ መጣች፤ ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ነው።

ጊዜው 1951 ነው። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። አገሩ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ። ሰውየው ሞስ ዱበርስታይን ይባላል፤ በስሙ የሚጠራ የብረታ ብረት ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነው። ኒው ዮርክ ደግሞ በርማን የሚባል አለ፤ የሞሆክ ሜታል ኮርፖሬሽን ፕሬዚዳንት። ሁለቱ ለዓመታት ብረታ ብረት ሲገዛዙና ሲሸጣሸጡ ኖረዋል፤ ሥራቸው በአብዛኛው በስልክ ነው።

በርማን አንዳንድ ጊዜ «አንተ የማትፈልገውን ይኼን ዕቃ ማን ይገዛኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ዱበርስታይን የሚያውቀውን ስም ይነግረዋል። አለቀ። ኮሚሽን የለ፣ ውል የለ፣ «ድርሻዬስ?» የለ። የእኛ አገር ደላላ ቢሆን እስከዚያው ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር።

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። በርማን ነው። ንግግራቸውን ቃል በቃል ባላውቀውም መዝገቡ ላይ የሰፈረው ፍሬ ነገር ይኼ ነው፦ የነገርከኝ ስሞች እጅግ ስለጠቀሙኝ ስጦታ ላበረክትልህ እፈልጋለሁ አለው። ዱበርስታይን ምንም ዕዳ የለብህም አለ። በርማን ካዲላክ ነው፣ ሰው ልከህ ከኒው ዮርክ ውሰዳት አለ። ዱበርስታይን ላገኝበት ብዬ አይደለም የነገርኩህ ብሎ አስቸገረ። «በሞቴ» በእንግሊዝኛ የለም እንጂ የዚያ ዓይነት ግብግብ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ በርማን አሸነፈ፤ መኪናዋም ዴይተን ገባች።

የግብር ወቅት ደረሰ። ዱበርስታይን የዓመቱን ገቢ ሲያሳውቅ ካዲላኳን አልጻፋትም። ለምን ይጻፋት? የአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ ከ1913 ጀምሮ ስጦታን ከገቢ አይቆጥርም። ግብር ሰብሳቢው ግን ሌላ ወረቀት በእጁ ይዞ ነበር፤ የሰጪውን ወረቀት። ሞሆክ ኩባንያ የካዲላኳን ዋጋ የንግድ ወጪ ብሎ ከራሱ ግብር ላይ ቀንሶታል። ዴይተን «ስጦታ» የተባለችው መኪና ኒው ዮርክ ላይ «ወጪ» ሆና ተመዝግባለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አማርኛችን ለዚህ ነገር ደኅና አድርጎ ቃል አበጅቶለታል። ለታላቅ ሲሰጥ እጅ መንሻ ነው። ላስተናገደ ሲሰጥ ጉርሻ ነው። ጉዳይ እንዲያልቅ ሲሰጥ «የሻይ» ይባላል፤ ሲብስ ጉቦ። ለተደረገ ነገር ሲሰጥ ውለታ መመለስ ነው። እንዲሁ ከልብ ሲወጣ ነው ስጦታ የሚሆነው። ብሩ ያው ብር ነው፤ ስሙን የሚለውጠው የሰጪው ልብ ነው። የአሜሪካ ዳኞች ይኼንኑ ያሉት ካዲላኳ ዴይተን ከገባች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ዱበርስታይን የግብር ፍርድ ቤት ቀረበ። እንዲህ ባለ ክርክር ግብር ሰብሳቢው «ገቢ ነው» ካለ፣ አይደለም ብሎ የማስረዳት ሸክሙ የሚያርፈው ግብር ከፋዩ ላይ ነው። ተጠየቀ፤ ስሞቹን ባልነግረው ኖሮ በርማን መኪናዋን የሚልክልኝ አይመስለኝም ብሎ መሰከረ። አያችሁልኝ? እውነተኛ ሰው! በገዛ ምላሱ ተረታ። ፍርድ ቤቱ፦ ይኼ ላገለገለበት የተከፈለ ነው፣ ገቢ ነው አለ። ዱበርስታይን ይግባኝ አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ገለበጠለት። አሁን ደግሞ መንግሥት ተነሣና ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው።

እዚያ ሲደርስ ብቻውን አልነበረም። ሌላ ባለጉዳይ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀው። የእሱ ነገር የመኪና አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ስታንተን ይባላል። ኒው ዮርክ፣ ዎል ስትሪት ጫፍ ላይ ባለችው ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አሥር ዓመት ያህል አገልግሏል። መቅደስ ውስጥ አይደለም፤ ሒሳብ ቤት። ይቺ ቤተ ክርስቲያን ሀብታም ናት። የእንግሊዟ ንግሥት አን በ1705 ማንሃተን ላይ ሰፊ መሬት ሰጥታታለች፤ እሱም እንግዲህ ስጦታ ነበር። ስታንተን የቤተ ክርስቲያኗ ሒሳብ ተቆጣጣሪና ንብረቷን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆኖ በመጨረሻ በዓመት 22,500 ዶላር ይከፈለው ነበር። በ1942 የራሴን ሥራ ልጀምር ብሎ ለቀቀ። የኩባንያው ቦርድም ተሰብስቦ፣ ላገለገለን አገልግሎት ምስጋና ይሆን ዘንድ 20,000 ዶላር ይበርከትለት ብሎ ወሰነ፤ በየወሩ 2,000፣ ለአሥር ወር።

መልካም ነገር ይመስላል። ግን ውሳኔው ጭራ አለው። ስታንተን ገና ያልደረሰለትን የጡረታና የመሰል ጥቅም ጥያቄ ሁሉ ይተው ይላል። ቆይ፣ ስጦታ ከመቼ ወዲህ ነው «ግን» የሚያስከትለው? በሌላ በኩል የቦርዱ አባላት ቀርበው፣ ሁላችንም እንወደው ነበር፣ ጠባየ መልካም ነው፣ ቤተ ክርስቲያኗ በተቸገረችበት ሰዓት ደርሶልናል ብለው መሰከሩለት። እንደገና በሌላ በኩል ደግሞ አንድ የገንዘብ ያዥ በክፉ ሁኔታ ከሥራ ሲሰናበት ስታንተን ማልዶለት ነበርና፣ በእሱና በቦርዱ መካከል ቅሬታ ሳይኖር አልቀረም የሚል ፍንጭ ወጣ። ታዲያ ይኼ 20,000 የፍቅር ነው ወይስ በሰላም ሂድልን? የመጀመሪያው ዳኛ ስጦታ ነው ብሎ ፈረደ፤ ለምን እንደሆነ ግን ምንም ያህል አላብራራም። ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው። የስታንተንን ነገር እዚህ ላንጠልጥለውና መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለቱን ጉዳይ አንድ ላይ አይቶ ፍርዱን የሰጠው ጁን 13 ቀን 1960 ነው። ወደ ራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው፤ ከዚያ 39 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውጆ ነበር። ቁጥር 2427ን ግለጡ። ስጦታ ማለት አንድ ሰው ሌላውን ለማስደሰት አስቦ ከንብረቱ የሚሰጥበት ውል ነው የሚል ሐሳብ ታገኛላችሁ። ስለ ግብር የሚያወራ ሕግ አይደለም። ግን «አስቦ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ዋሽንግተንና አዲስ አበባ ሳይመካከሩ በአንድ ሰሞን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያዩት፤ የሰጪው ሐሳብ ውስጥ።

መንግሥት የፈለገው መለኪያ ነበር። ለግል ምክንያት የተሰጠ ስጦታ ነው፣ ለንግድ ምክንያት የተሰጠ አይደለም ተብሎ ይደንገግልኝ አለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ብሬናን እምቢ አሉ። የሰው ልብ በሜትር አይለካም፤ ጉዳዩን የሚሰማው ዳኛ ስለ ሰው ጠባይ ያለውን ልምድ ይዞ ነገሩን ሁሉ ከፊት ከኋላ አይቶ ይወስን አሉ። ስጦታ የሚሆነው ጥቅም ካልፈለገ ልግስና፣ ከፍቅር፣ ከአክብሮት፣ ከአድናቆት፣ ከርኅራኄ ሲወጣ ነው። ዕዳ አለመኖሩ ብቻውን ስጦታ አያደርገውም። ሰጪው «ስጦታ» ብሎ መጥራቱም ብቻውን አይበቃም። ዱበርስታይን ተረታ፤ ካዲላኳ ገቢ ሆነች። ዳኛ ዳግላስ ብቻ ሁለቱም ስጦታ ናቸው ብለው ተለዩ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ፍርዱ እውነት አለው፤ ዋጋውም ውድ ነው። አስቀድሞ የማይለካ ሕግ ለጠበቃ እንጀራ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤትም ሳይገባው አልቀረም። በ1962 ነጋዴ ለአንድ ሰው በዓመት ከ25 ዶላር በላይ ስጦታ ሰጥቶ ወጪ ነው ብሎ መቀነስ አይችልም ተባለ። ዛሬም ያው 25 ነው፤ በእሱ የአበባ እቅፍ እንጂ ካዲላክ አይገዛም። በ1986 ደግሞ አሠሪ ለሠራተኛው የሚሰጠው ገንዘብ ስጦታ ተብሎ ከግብር አይወጣም ተባለ። ስታንተን ዛሬ ቢሆን ኖሮ አፉን ለመክፈትም ይከብደው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወሬ ብዙ ነው። የላስ ቬጋስን ልንገራችሁና ልለፍ። የቁማር ቤት ሠራተኞች ከተጫዋች የሚያገኙትን ጉርሻ ስጦታ ነው ብለው ተከራከሩ። በ1976 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ተጫዋቹ ይኼን የሚወረውረው ዕድሉ እንዲቀናለት ለዕድል አማልክት እንደሚቀርብ መባ ነው የሚል ሐሳብ ይዞ ፈረደባቸው። ለቆሌ የተገባ ግብር መሆኑ ነው እንግዲህ። በአማርኛ «ግብር» ሁለቱም ነው፤ ዳኞቹ አያውቁም እንጂ ቢያውቁ ይስቁ ነበር።

የአዮዋውን ግን ቆም ብላችሁ ስሙኝ፤ ለእኛ ሰፈር ቅርብ ነው። ዴ ሞይን ከተማ አንድ ፓስተር አለ፤ በ1987 ቤተ ክርስቲያኑ የሚከፍለው ደመወዝ በዓመት 7,800 ዶላር ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ልዩ ቀን ሲደርስ፣ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እሱና ባለቤቱ በሌሉበት ለምእመናኑ ይነገራል። መስጠት የፈለገ ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ያደርጋል። ቼክ አይሆንም፤ ቼክ ስም አለበት፤ ማን ስንት እንደሰጠ እንዳይታወቅ ነው። ፖስታውን ረዳቱ ወይም ዲያቆኑ ይሰበስባል። በዚያ ዓመት 12,750 ዶላር ሆነ፤ በሚቀጥለው 14,500፣ በሦስተኛው 15,000። ሰጪዎቹ ይወዱታል፤ ማንም አላስገደዳቸውም። በ1995 ይግባኝ ሰሚው ገቢ ነው አለ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አሰባሰቡ የተደራጀና ጊዜውን የጠበቀ ነው፤ ምእመናኑም በዚያች ደመወዝ ብቻ እንዲህ ያለ አገልጋይ እንደማይቆይላቸው ያውቃሉ። እያንዳንዱ ፖስታ ለብቻው የፍቅር ነበር ይሆናል፤ ሲደመር ደመወዝ ሆነ። በአትላንታ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ለአባቶቻችን በበዓል ፖስታ የምታዞሩ ኮሚቴዎች ትሰሙኛላችሁ?

የሚልዋኪው ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ባለጸጋ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ለሁለት መንታ እኅትማማቾች ለእያንዳንዳቸው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ። አንደኛዋ በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ ቢሮው ብቅ ብላ ከ4,000 እስከ 5,000 ዶላር የሚሆን ቼክ ትወስድ ነበር። ግብር አልከፈሉበትም። ሽማግሌው ሞተ፤ እነሱም በግብር ማጭበርበር ተከሰው እስራት ተፈረደባቸው። በ1991 ይግባኝ ሰሚው ሁለቱንም ነፃ አወጣ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሽማግሌው ለሌላዋ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው፤ መስጠት ምን ያህል እንደሚያስደስተው በገዛ እጁ ጽፎላታል። የታችኛው ፍርድ ቤት ደብዳቤዎቹን አልቀበልም ብሎ ነበር። ሟች አይመሰክርም፤ ያን ጊዜ የጻፈው ወረቀት ግን መሰከረ።

አሁን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ልውሰዳችሁ። አንድ ወዳጄ ቡና ይዞ ተቀምጧል፤ ፊቱ የባንክ መግለጫ ተዘርግቷል፤ አራት መስመር ላይ በቢጫ ተሰምሯል። ኦዲተር ነው ያሰመረበት። በመዝገቡ ላይ ከሚታየው ደመወዝ ሌላ የገባ ገንዘብ ነውና ከየት መጣ ይላል። ወዳጄ ለአራቱም አንድ መልስ አዘጋጅቷል፦ «ሁሉም ስጦታ ነው።» ወንድሜ፣ ቀስ በል አልኩት።

የመጀመሪያው 12,000 ዶላር ዕቁብ ነው። ዕቁብ ስጦታ አይደለም፤ የራሱ ገንዘብ ነው ተጠራቅሞ የተመለሰለት። ስጦታ ነው ካለ ውሸት ይሆንበታል፤ እውነቱ ደግሞ የበለጠ ያድነዋል። የዕቁቡ ዳኛ የያዘው ዝርዝርና እሱ በየወሩ የከፈለበት ማስረጃ ነው የሚያስፈልገው። ሁለተኛው አለቃው ለገና በፖስታ የሰጠው 1,500 ነው። እሱ በ1986ቱ ሕግ ደመወዝ ነው፤ ይከፈልበታል፤ አለቀ።

ሦስተኛው ዱባይ ያለ ወንድሙ የላከለት 9,000 ነው። ይኼ ስጦታ ነው፤ ግን ስጦታ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፣ ማሳየት ሌላ። ላኪው ማነው? ያን ያህል የሚልክ ገቢ አለው? ገንዘቡ በምን መንገድ መጣ? የሐዋላው ደረሰኝ፣ የወንድሙ አጭር ደብዳቤ፣ የሥራ ውሉ ቅጂ። ከውጭ አገር ሰው በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ከመጣ ደግሞ ግብር ባይኖርበትም 3520 የሚባለውን ቅጽ መሙላት ግድ ነው። ሳይሞሉ መቅረት ከስጦታው በወር አምስት በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ሊያስቀጣ ይችላል። ላኪው እዚያው አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢሆን ኖሮ የስጦታ ግብር ነገር የሚመለከተው ሰጪውን ነበር፤ በ2025 ለአንድ ሰው ከ19,000 ዶላር በላይ ከሰጠ ቅጽ የሚሞላው እሱ ነው።

አራተኛው ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። እናቱ ያረፈች ጊዜ ሰው ለለቅሶ የሰጠው ነው። ከፊሉ ጎፈንድሚ በሚባለው የበይነ መረብ መዋጮ፣ ከፊሉ እጅ በእጅ። እጅ በእጅ የተሰጠውን እኅቱ በደብተር ጽፋዋለች፤ ስም፣ መጠን፣ ቀን፤ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ እንባ ይሁን ሻይ ፈሶበት ቀለሙ ደብዝዟል። ደብተሩ ለምን እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። ብድር በምድር ነው፤ የእነ እገሌ ለቅሶ ሲደርስ እኛም ያንኑ ልናደርግ ነው። አሜሪካዊው ጠያቂ ይኼን ቢሰማ «እንዲያማ ከሆነ ልግስና አይደለም፣ ብድር ነው» ሊል ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ከእነዚያ ሰዎች ለአንዱም ወዳጄ የሠራለት ሥራ የለም፤ የገባለትም ቃል የለም። ነገ ከለቅሶው እንደማይቀር ማመን ውል አይደለም። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ራሱ በ2022 ባወጣው ማብራሪያ፣ በበይነ መረብ የተዋጣ ገንዘብ ሰጪው በምላሹ ምንም ሳይጠብቅ ከልግስና ከሰጠው ስጦታ ሊሆን ይችላል፣ ሰነዱንም ቢያንስ ሦስት ዓመት አስቀምጡ ብሏል። «ደብተሩን በላስቲክ አድርገህ አስቀምጥ» አልኩት። ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ጠበቃ ካዘዘ በኋላ የተጻፈ ወረቀት አይደለም። ማንም ስለ ግብር ሳያስብ፣ በሐዘን ቤት ውስጥ፣ ለሌላ ጉዳይ የተጻፈው ነው።

ስታንተንን አንጠልጥዬ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልፈረደለትም፤ አልፈረደበትምም። ስጦታ ነው ካላችሁ ለምን እንደሆነ ጻፉ ብሎ መዝገቡን ወደ መጀመሪያው ፍርድ ቤት መለሰው። ያ ፍርድ ቤት እንደገና ተቀመጠ፤ ምክንያቱን ዘርዝሮ ጻፈና እንደገና ስጦታ ነው አለ። መንግሥት ይግባኝ አለ። በ1961 ይግባኝ ሰሚው አጸደቀው። ብሩ ያው 20,000 ነው፤ ምስክሮቹም እነዚያው ናቸው፤ አዲስ የተጨመረው ምክንያቱ በወረቀት መስፈሩ ነው። ስታንተን ቤተ ክርስቲያኗን ከለቀቀ 19 ዓመት ሆኖት ነበር።